ሳይነከር የተቋጠረው መረብ

አማረች አቃቂ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትቀጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መፍተያ ክፍል መደቧት። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በረድፍ በቆሙት ማሽኖች መሀል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። አንዱን ስትቀጥል ሌላው ይበጠሳል፤ ቁጭ ብሎ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ፈረቃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ለክታ ባታውቅም፣ ወደ ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ ይነግራታል። ጣቶቿ ግን ከዓመት ዓመት እየፈጠኑ ሄዱ። ኋላ በቅርጫት ኳስ ስሟን ያስጠሩላትም እነዚያው ጣቶች ናቸው፤ ቁመቷማ ሽሮ ከመደርደሪያ ለማውረድ እንኳ በርጩማ የሚያስፈልጋት ነው።

ቡድኑን ያቋቋሙት የጥገና ክፍሉ አቶ ወልደየሱስ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማንም ሳያዛቸው፣ አበል ሳይቆረጥላቸው፣ ከመፍተያና ከሽመና ክፍል ሴቶችን መርጠው በሠራተኛው ክበብ ሜዳ ላይ ማሠልጠን ጀመሩ። ከሁለቱ ክፍሎች ስለተውጣጣ ቡድኑን «ድርና ማግ» አሉት። ከሽመና ክፍል የመጣችው አቻምየለሽ የምትባል መለሎ ነበረች፤ ክንዷን ስትዘረጋ በር የምትዘጋ። እሷና አማረች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰው ይስቅ ነበር፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳቁ ይቆማል።

ሌላው ተጋጣሚ እየተጯጯኸ ሲጫወት እነሱ ድምፅ አያወጡም። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ እያጓራ ማን ማንን ይሰማል? በዓይን፣ በቅንድብና በጣት መነጋገር ለምደዋል። ቅንድብ ብድግ ካለ «ስጪኝ» ነው። አውራ ጣት አገጭ ከነካ «ከኋላሽ ሰው አለ» ነው፤ መጀመሪያ የተፈጠረው ለአለቃ ነበር፣ ኋላ ለተከላካይ ሆነ። በዚህ ዓይነት ኳሷን ሲያዞሯት ተጋጣሚው ይደናበራል። አንዷ የባንክ ተጫዋች «እነዚህ ሴቶች ተኳርፈዋል እንዴ?» ብላ ዳኛውን ጠየቀች ይባላል።

ዘመን ተለወጠ። ፋብሪካው እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ የመፍተያ ክፍሉ ተዘጋ። ሴቶቹ ተበተኑ፤ አንዷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ሌላዋ ልጇ ዘንድ ገባች። አማረች በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ኮንቴነር ይዛ የስፌት መኪናዋን ተከለች። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ ባሏም ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ግን ሁሉም ከያሉበት በሚኒባስ እየተሳፈሩ ክበቡ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ትንሽ ይጫወታሉ፣ ብዙ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር ለአማረች ሳምንቱ የሚጀምረው በእሑድ ነበር፤ የቀረው ቀን እሑድን መጠበቂያ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በየዓመቱ በሜዳው ላይ የሠፈር ዋንጫ ይካሄዳል። ድርና ማግ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ወስደውታል። «ተጋጣሚ ጠፍቶ ነው» የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም፤ ምቀኞቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ውድድሩ ታዲያ አቶ ወልደየሱስ ያወጡት አንድ ደንብ አለው። በበሩ በኩል ላለው ቀለበት በየዓመቱ አዲስ መረብ ይሰቀላል፤ የሚቋጥረው ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው። የወዲያኛው ቀለበት መረቡ ሰንሰለት ስለሆነ ማንም አይነካውም። መረብ ለመቋጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ክሩን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይቋጥራል። ስለ መረቡ ክርክር ከተነሣም የሚፈርደው የቋጠረው ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቻምየለሽ ወጠረች፣ አማረች ቋጠረች።

የኮዬ ፈጬ ልጆች የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከመሀላቸው ናዕማ የምትባለው የባለሱቁ የሀይረዲን ልጅ ነበረች፤ ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ሂጃቧን ጥብቅ አድርጋ የምትጫወት ቀጭን ልጅ። በመጀመሪያው ዓመት በሠላሳ ነጥብ ተሸነፉ። አቻምየለሽ ጨዋታው ሲያልቅ ብስኩት ገዝታ አደለቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ አሥራ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ሁለት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ብስኩት የገዛ ሰው አልነበረም።

አማረች ያስተዋለችው ነገር ግን ከነጥቡ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነበር። ናዕማ እሑድ እሑድ አጥሩ ጥግ ተቀምጣ ታያቸዋለች። መጀመሪያ «ኳስ ወዳ ነው» ብላ አለፈቻት። ኋላ ግን አማረች ቅንድቧን ብድግ ስታደርግ ኳሷ ከአቻምየለሽ እጅ ሳትወጣ ልጅቷ ዓይኗን ወደ አማረች እንደምትመልስ አየች። ሠላሳ ዓመት ማንም ያልፈታውን ንግግር ያቺ ልጅ አጥር ተደግፋ ተማረችው። አማረች ተናደደች፤ ቤቷ ከገባች በኋላ ደግሞ ብቻዋን ሳቀች። ለቡድኗ ግን አልነገረችም።

ዘንድሮ ውድድሩ ሊጀመር ሲል አቻምየለሽ ነገሩን ቁርጥ አደረገችው። ካሸነፉ አንድ ዓመት ትቀጥላለች፤ ከተሸነፉ ግን በተበላሸ ጉልበቷ የልጅ መሳቂያ ከምትሆን ቤቷ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ብታሳድግ ይሻላታል። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቱሉ ዲምቱ የምትመጣው አዚዛ ሚኒባስ ተሰልፎ መጠበቅ እንደሰለቻት ተናገረች። አማረች ግን ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባት። ዋንጫውን ምን ታደርገዋለች? የምትፈራው እሑድን እንዳያሳጧት ነበር።

በዚያው ሳምንት አማረችና አቻምየለሽ መረብ ሊቋጥሩ ኮንቴነሩ ውስጥ ተቀመጡ። አማረች ከስፌት መኪናዋ ሥር አንድ ድውር፣ ጥቅል ክር፣ አወጣች። የመፍተያ ክፍሉ በተዘጋበት ቀን ከራሷ ማሽን፣ ከአሥራ አራት ቁጥር፣ የመጨረሻ ሆኖ የወረደው ክር ነው፤ አለቃው «ውሰጂው» ብሏት ስድስት ዓመት ሙሉ አስቀምጣዋለች። ገመድ እንዲወጣው ደራርባ አክርራዋለች። ሰዎቹ እየደከሙ ከሆነ ቢያንስ የፋብሪካው ክር ሜዳው ላይ ይኑር ብላ ነው።

አቻምየለሽ ክሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ነክረሽዋል?» አለች።

ጥጥ ሳይነከርና ሳይደርቅ ተቋጥሮ እንደማይሰቀል ሁለቱም ያውቃሉ። ውሃ ያልቀመሰ ጥጥ በመጀመሪያው ዝናብ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቀን ነክረው፣ አንድ ቀን አስጥተው ነው የሚቋጥሩት። ድውሩ ግን ትንሽ ነው።

«ከነከርኩት አጥሮ አይደርሰኝም» አለች አማረች። «ሰማዩን አታዪውም? ምን ያርሰዋል ብለሽ ነው?»

ሌላ ክር መግዛት ትችል ነበር። አልፈለገችም። አቻምየለሽም አልተከራከረችም፤ ክሩን ወጥራ ያዘች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

የፍጻሜው ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አጥሩ ዙሪያ ከአቃቂም ከኮዬም የመጣ ሰው ሞላ። የመጀመሪያው ግማሽ የአሮጊቶቹ ነበር፤ ናዕማ ምልክታቸውን እንደምታነብ የምታውቀው አማረች ለማሳሳት የሐሰት ምልክት መስጠት ጀመረች። ቅንድቧን ወደ አዚዛ እያነሣች ኳሷን ለአቻምየለሽ ስትሰጥ ናዕማ ሁለት ጊዜ ተሸወደች። በሦስተኛው አልተሸወደችም፤ እያለፈች ወደ አማረች ዞር ብላ አውራ ጣቷን አገጯ ላይ አደረገች። አማረች በጨዋታ መሀል ሳቋ አመለጣት።

ለዕረፍት ሲወጡ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል ዝናቡ ወረደ። ሩብ ሰዓት ያህል ጣለና አባራ። ሁለቱም ቡድኖች በጆንያና በመወልወያ ሲሚንቶውን አደረቁ። ጎል ተለዋውጠው ሲጀምሩ ልጆቹ የሚያጠቁት በበሩ በኩል ያለውን ቀለበት ሆነ። ልጆቹ መጀመሪያ ያገቧትን ኳስ አማረች ዓይኗን ሳትነቅል ተከታተለቻት። ኳሷ ቀለበቱን አልፋ መረቡ ውስጥ ትንሽ ቆይታ ነው የወደቀችው። ሁለተኛዋ ደግሞ ይበልጥ ዘገየች። ጥጡ እየተሰበሰበ ነው። ጨዋታውን አስቁሙና ላላላው ማለት ይገባት ነበር። አላለችም። የገባው እንደሆነ ወድቋል፣ ማንን ጎዳ ብላ ራሷን ሸነገለች።

አንድ ደቂቃ ሲቀር ድርና ማግ 41 ለ 40 ይመሩ ነበር። የአቻምየለሽ ጉልበት ካበቃለት ቆይቷል፤ በአንድ እግሯ እየጎተተች ነው የምትከላከለው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ናዕማ ኳሷን ተቀብላ በግራ በኩል ዞረች፣ ዘለለችና ወረወረች። ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ መሀሉን ይዛ ገባች። ከዚያ አልወረደችም። መረቡ ወገቧን አንቆ አንጠልጥሎ ያዛት፤ ሰዓት የያዘውም ልጅ ወዲያው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ሜዳው ተተራመሰ። የአቃቂ ሰው «አልወረደችም፣ አልገባችም» አለ፤ የኮዬ ሰው «ገብታለች» አለ። ዳኛው ዘአማኑኤል በእግር ኳስ ዳኝነት የሚያውቁት ልጅ ነው፤ ለቅርጫት ኳስ የተጠራው ሰው ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ አያውቅም። ወደ ላይ ኳሷን አየ፣ ወደ ታች ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ደንቡን አስታወሱት፤ ስለ መረቡ የሚፈርደው የቋጠረው ነው።

ሁሉም ወደ አማረች ዞረ። አቻምየለሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛ ታያታለች። ቅንድቧ፣ ጣቷ፣ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

አማረች ግን ሌላ ቀን እያየች ነበር። በ1993 ዓ.ም. የፋብሪካዎች ውድድር ላይ፣ በዝናብ መሀል፣ የራሷ ኳስ እንዲሁ መረብ ውስጥ ቀርታ ነበር። ያን ጊዜ አቶ ወልደየሱስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሜዳ ገብተው ለዳኛው ያሉትን እሷም አቻምየለሽም ሰምተዋል። ከላይ የገባ ገብቷል፤ መረቡ ያዘው እንጂ ቀለበቱ አልመለሰውም። በዚያ ኳስ ነው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን የወሰዱት። ዛሬ አልገባም ብትል ያም አልገባም ማለት ነው። አልገባም ብትል ግን እሑድ አለ፤ አቻምየለሽ አለች፤ አዚዛም ብታማርርም ትመጣለች።

«ገብቷል» አለች። አጥሩ ጋ ያሉት እንዲሰሙ ደግማ ተናገረች። «ገብቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክሩን ሳልነክር ነው የቋጠርኩት።»

ልጆቹ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ጮኹ። አማረች ኳሷን በመወልወያ እንጨት ገፍታ አወረደቻት። ዞር ስትል አቻምየለሽ ቦርሳዋን አንግታ እያነከሰች ወደ በሩ ስትሄድ አየቻት። አልጠራቻትም። ምን ብላ ትጠራታለች?

በሚቀጥለው እሑድ አማረች በለመደችው ሰዓት ሜዳው ሄደች። ማንም አልመጣም። በሌላውም እሑድ ሄደች። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ የመፍተያ ክፍሉን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው አሰበች፤ ማን ትስቅ እንደነበር፣ ማን ምሳዋን ደብቃ ትበላ እንደነበር፣ በፈረቃ ለውጥ ሰዓት በሩ ላይ ስንት ነጭ ነጠላ ይታይ እንደነበር። ናፈቋት፤ እንዲህ ይናፍቁኛል ብላ አስባ አታውቅም። በሦስተኛው እሑድ አልሄደችም።

ሰኔ ሲገባ ናዕማ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ኮንቴነሩ በር ላይ ቆመች። በፌስታል ጥቅል የጥጥ ገመድ ይዛለች።

«እትዬ አማረች፣ መረቡ ስለጠበበ ናይለን ገዝተን ልንሰቅል ነበር» አለች። «ግን ደንቡ መቋጠር ነው። እኛ ደግሞ አንችልበትም። ያስተምሩናል?»

አማረች ገመዱን ተቀብላ አገላበጠችው። ከፋብሪካው ክር ጋር አይወዳደርም፣ ግን ጥጥ ነው። ባልዲ አውጥታ ውሃ ሞላችና ዘፈዘፈችው። ከውሃ የሚወጣው ነገ፣ የሚደርቀው ከነገ ወዲያ እንደሆነ፣ እሑድ ጠዋት እንዲመጡ ነገረቻቸው። ናዕማ «ወጥሬ የምይዘው እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀች። አማረች ባልዲውን ወደ ጥግ ገፋችው። የሚወጥረው ሰው እጁ ካላወቀ ቋጠሮው ይዛባል አለችና የአቻምየለሽን ቤት አቅጣጫ አስረዳቻት። «አማረች ክር ይዛ ተቀምጣለች በያት። ሌላ ምንም አትበይ።»

እሑድ ልጆቹ በጠዋት መጥተው በርጩማዎቹ ላይ ተደረደሩ። አንድ ሰዓት ጠበቁ። አማረች የደረቀውን ገመድ እየፈታች መልሳ ጠቀለለችው፤ ሥራ የያዘች ለመምሰል ነው። ልትጀምር ለናዕማ ጫፉን ስትዘረጋላት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ በር የሚዘጋ ጥላ።

አቻምየለሽ ጎንበስ ብላ ገባች። ሰላም አላለችም። ጉልበቷን እያሸች ከአማረች ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ከናዕማ እጅ የገመዱን ጫፍ ተቀበለችና በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ነክረሽዋል?»

«ነክሬዋለሁ» አለች አማረች።

አቻምየለሽ ክሩን ወጠረች።