በአውድማው ላይ የረጋው ውሃ

ጥር በገባ ቁጥር ጠፍሩን ከሣጥኔ አወጣዋለሁ። የበግ ሞራ አቅልጬ በጣቴ እቀባዋለሁ፤ ካልቀባሁት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሽታው ገና ሣጥኑን ስከፍት ይቀበለኛል፤ ዝገት፣ ቆዳና የገብስ ገለባ አንድ ላይ። ጠፍሩ የታሰረው ከሁለት የወይራ እንጨት ሶሎች ጋር ነው፤ ከሥራቸው የተሰካው ብረት ዱሮ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር። ጠፍሩ በሁለቱም ላይ በቢላዋ ተቆርጧል። ቋጠሮዎቹ ግን ወንድሜ እንዳሰራቸው አሉ።

ደባርቅ ነበር የምንኖረው። እሱ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሦስት። በደርግ ጊዜ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ተጥሎ ጎረምሳ የሆነ ሁሉ ከገበያም ከመንገድም የሚታፈስበት ዘመን። እናታችን አንድ ማለዳ ስንቅ ቋጥራ ተራራው ላይ አምባራስ መንደር ወዳሉት አጎታችን ሰደደችን። እሱ እንዲሸሸግ፣ እኔ እንድጠብቀው። «አንቺ አፈ ጮሌ ነሽ፤ ሰው ቢጠይቅሽ መልስ አታጪም» አለችኝ። ያኔ በዚህ ንግግር ምን ያህል እንደኮራሁ ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ወንድሜ ከስንቁ ሥር ብረቶቹን ደብቆ አምጥቶ ኖሯል። ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ተሰቅሎ ፊልም ሲታይ፣ የሩቅ አገር ሰዎች በረዶ ላይ በብረት ጫማ ሲንሸራተቱ አይቶ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ባሌስትራ ለምኖ፣ አንጥረኛ ዘንድ አስቀጥቅጦ፣ በሞረድ ራሱ ሞርዶ ሁለት ጥንድ ሠራ፤ አንዱን በእግሩ ልክ፣ ሌላውን በእኔ። ጓደኞቹ ደባርቅ ላይ ታንኳ የሚሠራ እብድ አድርገው ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ሥራውን ግን አላቆመም።

አምባራስ ውርጩ ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ የእንስራ አፍ ላይ በረዶ ይጋገራል። ኩሬው ላይ የሚረጋው ግን ስስ ነበርና ወንድሜ ገና እግሩን ሲያሳርፍ ተሰብሮ እስከ ጉልበቱ ገባ። ለሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ተኮራምቶ ምሰሶ ሲቆጥር ከረመ። በኋላ የአጎቴን አውድማ አየው። አውድማው ከጋራው ጥላ ሥር ነው፣ ክብ ነው፣ ሜዳው የተስተካከለ፣ በእበት ተለቅልቆ የጠበቀ፤ ውሃ አያሰርግም። ከምንጩ የሚወርደውን ቦይ ማታ ቢያዞሩበትና ሁለት ጣት ያህል ውሃ ቢተኛበት፣ እስኪነጋ ከመሬቱ ጋር ይጣበቃል፤ አይሰበርም።

አጎቴን ለመጠየቅ ግን ሦስት ቀን ፈራ። በዚያ አገር አውድማ በጫማ አይረገጥም። ሰው ገና ከዳሩ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ ሴት ልጅማ ከነጭራሹ ዳር ላይ ቆማ ነው የምታቀብል። ብረት ለብሶ መንሸራተት ምን እንደሚባል እንኳ ስም የለውም። አጎቴ ሰምተው እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ቀና ብለው የወንድሜን ፊት አዩት፤ ቤት ውስጥ ውሎ ገርጥቶ ነበር።

«ገብሱ ገብቷል» አሉ። «እስከ መጪው ዓመት እግዜር ይቅር ይለናል። ሰው እንዳያያችሁ ብቻ።»

ትምህርቴ እንዲህ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቆም ብቻ ነበር፤ አሁን እንደተወለደ ጥጃ እግሬ በአራት በኩል ይሄድብኛል። ወንድሜ ከፊቴ ቆሞ ሁለት እጄን ይይዝና ይጎትተኛል። ስወድቅ አያነሳኝም፤ ራሴ እስክነሳ ይጠብቃል። ከዚያ በአንድ እግር ገፍቶ በሌላው መፍሰስ መጣ። ከዚያ ብረቱን አግድም አድርጎ መቆም። አውድማው ክብ ስለሆነ ቀጥታ መሄዱን ሳልጠግብ መታጠፍ ግድ ሆነብኝ፤ ክርኔና ጉልበቴ የተላጠው ያን ሰሞን ነው። ዘወትር የምሳሳተው አንድ ስሕተት ነበር፤ ወደ ታች አያለሁ።

«እግርሽን አትዪው» ይለኝ ነበር። «የምትሄጂበትን እዪ።»

ታኅሣሥ ሲያልቅ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ጥምቀት ሲደርስ በአንድ እግር ቆሜ ግማሽ ዙር እዞር ነበር። እሱ ደግሞ ምን ልበል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሙሉውን ይዞራል፤ ጋቢው ከኋላው ይነሳል፤ ብረቱ ሽርርር ሲል ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብለው ያዩታል። ፀሐይ ጋራውን አልፋ አውድማው ላይ የምትወጣው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከመቅለጡ በፊት ለጥቂት ጊዜ በረዶው በሙሉ ያበራል። እኛ ዓይናችንን ከልለን እንስቃለን። ያ ብርሃን እስከ ማዶ ተራራ ድረስ እንደሚታይ ማን አሰበ?

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቀን ምንጭ ወረድኩ። ከማዶ መንደር የመጡ አሮጊት እንስራቸውን እየሞሉ ነበር፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰው መሆኔን እንጂ ማን መሆኔን አያዩም።

«ልጄ፣ ጧት ጧት እዚያ አውድማችሁ ላይ የሚያበራው ምንድን ነው?» አሉኝ። «እኔ ሰው እንኳ ለይቼ አላይም፤ እሱን ግን አየዋለሁ።»

ውሃ ነው ብል ማን አፈሰሰው ይሉኛል። ማን አፈሰሰው ካሉኝ ወንድሜ ጋ ይደርሳሉ። አፈ ጮሌዋ እኔ ዓይኔን ሳላሽ መለስኩ።

«በራሱ ነው የሚበራ እማማ። እኛም አናውቅም።»

አሮጊቷ እንስራቸውን አስቀምጠው አማተቡ። እኔ በብልጠቴ ተደስቼ ወደ ቤት ወጣሁ፤ ለወንድሜም ለአጎቴም አልነገርኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉ ላይ ተቀምጬ እንኳ አልታየኝም።

በሦስተኛው ማለዳ አጎቴ በሬ ሊጠምዱ ራቅ ብለው ሄደዋል። እኛ አውድማው መሐል ነበርን፤ ሙሉውን ዙር ሊያስተምረኝ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታ ነው። ከጋራው ወገብ ሰው ይወጣል፤ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ፣ እንስራና ቅል የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። አሮጊቷን አንዲት ልጃገረድ እጃቸውን ይዛ ከፊት ትመራቸዋለች። ብርሃን ወርዶበታል የተባለውን አውድማ ሊሳለሙ፣ ጸበሉን ሊቀዱ ነው የመጡት። ከኋላቸው ደግሞ ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለ ፈቃድ ወዴት ነው ብለው የተከተሉ ሁለት የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻዎች፣ ጠመንጃቸውን አንግተው።

ወንድሜ ሊሮጥ ይችል ነበር። ከአውድማው ጀርባ ወደ ገደሉ የሚወርደውን የፍየል መንገድ ያውቀዋል። ግን በብረት አይሮጥም። ተንበርክኮ እጁን ወደ እግሩ ሲሰድ እኔን አየኝ፤ ብረት ለብሼ፣ በአውድማ መሐል የቆምኩ ሴት ልጅ። እነዚያ ሁሉ ለመሳለም የሚመጡ ሰዎች እንዲያ ቢያገኙኝ ምን እንደሚያደርጉኝ አሰበ መሰለኝ። የራሱን ትቶ የእኔን መፍታት ጀመረ። ጠፍሬ ርሶ በውርጩ ደርቆ ኖሮ በጣቱ አልፈታ ብሎ በጥርሱ ነው የፈታው። ብረቶቼን ገለባው ውስጥ ወረወራቸው። ወደ ራሱ እግር ሲመለስ ጥላቸው በላያችን ላይ ነበር።

አንደኛው ሚሊሻ ወደ ታች እያየ ይህ ምንድን ነው አለው። ወንድሜ «ጫማ ነው» አለ። ሚሊሻው ሳቀ፤ ከዚያ ዕድሜውን ጠየቀው። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ቋጠሮውን ለመፍታት ትዕግሥት ስላልነበረው ቢላዋውን አውጥቶ ጠፍሮቹን ቆረጣቸው።

ከእኛ ሌላ ይህን ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ ዳር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ በረዶው ላይ ሰግዶ፣ እየሰበረ በእንስራው ይሞላል። አሮጊቷ አንድ ቁራጭ በረዶ ዓይናቸው ላይ አሳርፈው ያለቅሳሉ። ወንድሜ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆመ።

«እማማ፣ ያቃጥልዎታል፤ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት» አላቸው። እሳቸውም ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁት።

በባዶ እግሩ ቁልቁል ወሰዱት። እኔ ተከተልኩ፤ ግን ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ለአሮጊቷ ያልኩት፣ ልለው እያሰብኩ አንገቴን ደፍቼ የእግሬን ጣቶች እያየሁ እሄዳለሁ። መታጠፊያው ላይ ዞር አለ።

«እግርሽን አትዪው» አለኝ።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ስለራሱ ብዙም የለበትም፤ መጨረሻው ላይ ዘንድሮ አውድማው ረግቶ እንደሆነ ጠይቋል። አጎቴ ከዚያ ወዲያ ውሃ አላዞሩበትም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ጦር በደባርቅ መንገድ ሲያልፍ እናቴ ሳምንታት ሙሉ ዳር ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። እስክትሞት ድረስ ለጎረቤት የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ እህቱ እንኳ አብራው ነበረች፣ የምትችለውን አድርጋለች። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድም ቀን አላረምኳትም።

አምና ልጄ ሣጥኔን ስታጸዳ አገኘችውና ቋጠሮውን በጥፍሯ መፍታት ጀመረች። ከቤት ውጭ የሚሰማ ጩኸት ጮኽኩባት። ደንግጣ አስቀመጠችው፤ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ያረጀ ጫማ ነው አልኳት። ወንድሜ የሚታይ መቃብር የለው፣ ፎቶግራፍ የለው። በዚያ ማለዳ ጣቱ ያጠበቀው ነገር ከዚህ ቋጠሮ ሌላ አልቀረኝም። ስለዚህ ሞራውን በዙሪያው እቀባለሁ፣ እንዳይላላ እየተጠነቀቅሁ፤ ከዚያ ወደ ሣጥኑ እመልሰዋለሁ።