ያልተገደበ የተባለው የጋሼ ሀሩን ዋይፋይ

ጋሼ ሀሩን የውሃ አባት ናቸው። የሮቢን ወንዝ ውሃ ለሽንኩርቱም ለማሾውም ማሳ በተራ የሚያከፋፍሉ እሳቸው ናቸው። ተራው ሳይደርስ ቦይ የሰበረን ሰው ሽማግሌ ፊት ያቆማሉ። የገዛ አማታቸውን አቁመው ያውቃሉ፤ አንድ በጋ ሙሉ ቤታቸው ሳቅ አልነበረም።

አምና አንድ የኢንተርኔት ድርጅት ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ። ሱፍዋን የሚባል ከረባታም ልጅ በሩ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ «ያልተገደበ ኢንተርኔት» ይላል። በዚህ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው እንዴት እንደሚታመን እኔ አላውቅም።

ጋሼ ሀሩን ግን ቆሙ። እኛ ዘንድ ገደብ ማለት ውሃ የሚያቆም ድንጋይና አፈር ነው። ያልተገደበ ሲባሉ የታያቸው ማንም ያልዘጋው፣ ማሳው ጫፍ ድረስ የሚወርድ ውሃ ነው። ገዳቢው ማነው ብለው ጠየቁት። ገዳቢ የለም አላቸው። የዚያኑ ቀን የዋይፋዩን ሳጥን ቤታቸው አስገቡ።

ያስገቡትም ለልጃቸው ለራሕማ ነው። ጅዳ ነው የምትሠራ። ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ እዚያው ኒካሕ ሊታሰርላት ነው፤ ወሊዋ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ካልዳሩ ኒካሕ የለም። የዚያ አገሩ ሼህ ደግሞ በድምፅ ብቻ አላስርም፣ ድምፅ ማንም ያስመስላል፣ የአባትየውን ፊት ልይ ብሏል።

ባለቤታቸው እትዬ አሪፋ፣ ያልተገደበ ነገር ለጎረቤት አይከለከልም ብለው በር ከፈቱ። መንደሩ ስልኩን ይዞ ገባ። አንዱ ኳስ፣ አንዷ የቱርክ ድራማ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የግመል እሽቅድምድም። ጋሼ ሀሩን መደባቸው ላይ ተቀምጠው «ጠጡ፣ ጠጡ» ይላሉ።

ዓርብ አስር ተሰገደ። ራሕማ ታየች፣ ሼሁ ታየ። ጋሼ ሀሩን ሊድሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ቀጥ አለ። ሙሽሪት አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ ቀረ። ቆይታ በተራ ስልክ ደወለች።

«አባ፣ አፍዎን እንደከፈቱ ቆመዋል። ሼሁ ይሄ ፎቶ ነው እያለ ነው።»

እስከ መግሪብ ሶላት ጠበቁ፤ ሼሁ ተነሥቶ ሄደ። ኒካሑ ለቅዳሜ ተላለፈ። ሙሽራው እሁድ ለሥራ በረሃ ይገባል፤ ቅዳሜ ካመለጠ ነገሩ ለከርሞ ነው።

ቅዳሜ ጋሼ ሀሩን ሱቁ ሄዱ። እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩ። ሱፍዋን ሳያፍር አስረዳቸው። አልተቋረጠም፣ ብዙ ስለተጠቀሙ ቀጥኗል፤ ማስታወቂያው ግርጌ ላይም ተጽፏል። አየሁት። ቁንጫ በዚያ ፊደል ብትጽፍ መነጽር ትፈልጋለች።

«ውሃ ሸጦ አፉ ላይ ድንጋይ የሚጥልን እኛ ሌባ እንለዋለን» አሉ ጋሼ ሀሩን። «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

«ፍትሐዊ አጠቃቀም።»

ጋሼ ሀሩን ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት፤ ሊተፉት ነው ብዬ ፈቀቅ አልኩ። የሱቁ መስመርስ ይቀጥናል ወይ ብለው ጠየቁ። የለም፣ እሱ የራሳችን ነው አለ ልጁ።

ጫማቸውን አወለቁና ወንበሩን ስበው ባንኮኒው ፊት ተቀመጡ።

«እንግዲያው ኒካሑ እዚህ ይታሰራል።»

ሱፍዋን ክልክል ነው ሊል ነበር። ግን ሱቁ በገዢ ተሞልቷል፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል፤ የሱቁን ዋይፋይ ከፈተላቸው። አስር ላይ ሼሁ ፊታቸውን አየ። ሳይቆራረጥ ዳሩ። ራሕማ አለቀሰች፣ ሁለቱም ዓይኗ እየሠራ። ሊያስገቡ ከተሰለፉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ መርቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሦስተኛው የሱፍዋን ዘመድ ነው መሰለኝ ቀረ።

«መብሩክ፣ ጋሼ» አለ ሱፍዋን።

ጋሼ ሀሩን ጫማቸውን እያጠለቁ መለሱለት።

«ሳጥንህን መጥተህ ከቤቴ አንሣ። ወንዝ ብለህ የሸጥክልኝ እንስራ ነው። እንስራ እኔም አለኝ።»