የእናኑ ሁለት ስሞች

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ፣ ይህን አንዱን ይዤው ተነስቻለሁ። ለማታውቀኝ ለአንተ ግን ልናገር፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኛል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ያኔ ሥራዬ በየጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ተበታትኖ የነበረውን የታካሚዎች መረጃ ወደ አንድ ቋት ማምጣት ነበር፤ ማንኩሳ የታከመ ሰው ታሪኩ ቡሬም እንዲከፈት። ፕሮግራሙ በአባት ስምና በዕድሜ አንድ ሰው የሚመስሉ ሁለት ስሞች ሲያገኝ ጎን ለጎን ያስቀምጥና «አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ወሳኙ እኔ ነኝ። ይህን ሥልጣን እንዴት እወደው ነበር!

ታናሽ ወንድሜ ቡሬ ላይ ትዳር ሲይዝ እናቴ እንደ አገሩ ወግ ለሙሽሪት አዲስ ስም አወጣችላት፤ ጥሩወርቅ። በአባቷ ቤት፣ ማንኩሳ፣ እናኑ ነበረች። እኛ ቤት ግን እናኑ ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ የቡሬ የሕክምና ካርዷም ጥሩወርቅ ይላል። አንድ እሑድ ቤታቸው ተጋብዤ ስለ ሥራዬ ስጎርር ሰምታኝ ኖሮ፣ ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ እናኑንና ጥሩወርቅን አያገናኙብኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ልጅ ሳለሁ ማንኩሳ ወልጄ ሞቶብኛል። ወንድምዎ አያውቅም። ራሴ እስክነግረው ድረስ ጊዜ ይስጡኝ።»

«አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ» አልኳት። እኔው ነኝ ያልኳት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እንግዶች ሊጎበኙት ነው ተባለ። ያልተወሰነላቸው ስሞች ስክሪኑ ላይ በቀይ ይታያሉ፤ የቀረችው ቀይ እሷ ብቻ ነበረች። የሞተውን ልጅ ነገር ከሐኪሙ በቀር ማንም እንዳያየው መቆለፍ ይቻል ነበር፤ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰነፍኩ። «ሁለት ናቸው» ብዬ ባልፋቸውስ ምን ነበረበት? ሥራዬ እንከን እንዳይወጣለት ጓጓሁ። ለጤናዋም ይበጃታል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለጤናዋ ተጨንቄ ነበር? ምኑን! አገናኘኋት። እንግዶቹም አጨበጨቡልኝ።

ስታረግዝ ወንድሜ ለምርመራ ይዟት ሄደ። ነርሷ ስክሪኑን አይታ፣ በቅንነት፣ «የመጀመሪያው ልጅሽ በምን ሞተ?» ብላ ጠየቀቻት። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ። «ሲስተሙ ራሱ ነው ያገናኘው።»

«መውለዷ እኮ አይደለም የከነከነኝ» አለ። «ከቤታችን ለአንድ ሰው እንኳ ተንፍሳ ቢሆን ይቅር እላት ነበር። ሁላችንንም አታለለችን።»

ለአንድ ሰው ተንፍሳ ነበር። ያ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ኪቦርዱን ይደባብስ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ትዳራቸው ይተርፍ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም። እሷም ሽማግሌዎች ፊት ስሜን አላነሳችም። ለምን እንደሸፈነችኝ እስካሁን አይገባኝም። ፅንሱን በሆዷ ይዛ ማንኩሳ ገባች።

ባለፈው ሰሞን ቁርጥ ወንድሜን የመሰለች ሴት ልጅ አዝላ ልትታከም ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ መጣች። እኔ ለሥራ ሄጄ ካርድ ክፍል ቆሜ ነበር። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየችና «ሁለት ስም ነው የሚያሳየኝ፤ የትኛዋ ነሽ?» አለቻት።

እናኑ ቀና ብላ አየችኝ። አንቱታዋን እንኳ አልተወችም።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለች። «እሳቸው ያውቃሉ።»

ወንድሜ አሁንም ቡሬ ነው፤ ብቻውን ይኖራል። ስልኩም ክፍት ነው። እስከዛሬ አልደወልኩለትም። ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና እየበደልኩ ነው።