በጎጃም በረንዳ የከረመችው ጣዝማ

ልጄን ሳል ይዞት ትናንት የጣዝማ ማሩን ጠርሙስ ከፈትኩና፣ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሎሚ ሎሚ የሚል፣ እርጥብ አፈር ያለበት ሽታ ነው። ልጁ «እማ፣ ስጪኝ እንጂ» እያለ እኔ ጎጃም በረንዳ፣ የአባቴ ማር ቤት ጓሮ ገብቻለሁ።

ይኸውልሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ማር በጅምላ ይሸጣል፤ ጣዝማ ግን በጅምላ የምትገኝ ነገር አይደለችም። ንቧ ትንሽ ናት፣ አትናደፍም፣ ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ ከአገር ቤት ያመጡልን ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው የሚያመጡልኝ፣ ሳቃቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሰው ነበሩ። ቀዳዳዋን ሲያገኙ ሰንበሌጥ ይሰዱበትና፣ መንገዱ እንዳይጠፋቸው ሰንበሌጡን እየተከተሉ ይቆፍራሉ። ይህን ሲያወሩልኝ አልጠግብም ነበር።

የዚያን ዓመት ግን ሳይስቁ ገቡ። የያዙት አንዲት ማሰሮ ብቻ ነው።

«ከርሞ ማር ይዤ አልመጣም» አሉት አባቴን። «አለቀ። ያገራችን ሜዳ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ሆኗል።»

«ለምን አለቀች አባባ?» አልኳቸው።

«ስናወጣት ትሞታለቻ። ማሩን እንጂ እሷን ማን ፈልጎ» አሉኝ፣ እንደማፈር ብለው።

አባቴ ማሰሮውን ከፍቶ ተናደደ። ሽማግሌው መኪና እንዳያመልጣቸው ተጣድፈው፣ ማሩን ሳይለዩ ጎጆዋን ከነአፈሯ ነበር የዘረገፉት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አሁን እኔ ጭቃ ልሽጥ?» አለ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከፈረጡት የማር ከረጢቶች ሥር እንቁላሎቿ ተደርድረው፣ ንቦቹ ይርመሰመሳሉ። መሀላቸው አንዷ ሆዷ ተነፍቶ ትጎተታለች። አውራዋ ነበረች፣ በሕይወት።

«እኔ አኖራታለሁ» አልኩ።

አባቴ ሳቀብኝ። «ጣዝማ ከመሬት ከወጣች አትኖርም። መርካቶ ላይ ደግሞ የሰውም መኖር ይገርማል።»

«ከኖረችስ?»

«እስከ ከርሞ ኅዳር ከኖረች፣ ተቆፍራ የሞተች ጣዝማ ማር ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፉ። «ለኅዳር ሚካኤል መጥቼ አያታለሁ። ከኖረች እንዴት እንዳኖርሻት ተምሬ እሄዳለሁ። ከሞተች ግን መሰነባበቻችን ነው» ብለውኝ ወጡ። እኚህን ሰው ዳግመኛ አላያቸውም ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

የፈሰሰው ማር ንቦቹን እንዳያሰምጣቸው ጠራረግኩት፣ ማሰሮውን ጓሮ ቀበርኩ፣ በር እንዲሆናቸው የውኃ ጎማ ቆርጬ ሰካሁ። ተሸካሚዎቹ መሳቂያ አደረጉኝ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ የማር ነጋዴ ልጅ ንብ ቀበረች!» አንደኛውማ ጆንያውን እንደተሸከመ በየቀኑ «ተዝካሯ መቼ ነው?» ይለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጎማው አንዲት ወጣች። ወደ አማኑኤል፣ ወደ ቤተክርስቲያኑ ባሕር ዛፍ በረረች። ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። እግሯ ላይ ቢጫ ዱቄት ይዛ ስትመለስ፣ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ጓሮው ጎርፍ ሆነ። ቦይ ቆፈርኩ፣ ላስቲክ አለበስኩ፣ ቆርቆሮ ደፋሁ። ለሳምንታት አንዲትም ሳትወጣ ቀረች።  አንድ ጠዋት ስወጣ አባቴ የራሱን ጃንጥላ በማሰሮዋ ላይ ዘርግቶ፣ እሱ እየበሰበሰ አገኘሁት። ደነገጠ። «ላስቲኩ የሚያፈስ መስሎኝ ነው» አለኝ።

ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌው መጡ። አፈሩን በእጄ ገልጬ ክዳኑን አነሳሁ። ከዳር እስከ ዳር የማር ከረጢት! እንቁላሎቿ በአጠገቡ፣ ንቦቹ እጄ ላይ ይሄዳሉ። ዳር ዳሩን ብቻ፣ መርፌው በወለቀለት ሲሪንጅ እየሳብኩ አንድ ብርጭቆ ሞላሁ። ሽማግሌው ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሳትሞት» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስቆፍር፣ ሳትሞት ቀምሻት አላውቅም።» ከዚያ ያ ሳቃቸው ከደረታቸው ወጣ። የተዝካሩ ተሸካሚ ጆንያውን አውርዶ እልልታውን ለቀቀው፤ ማር ተራው በሙሉ ምን ተገኘ ብሎ ጓሯችንን ሞላው። እኔማ ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

አባቴ ቃሉን አላጠፈም። ባዶ ማሰሮና ጎማ ገዝቶ ሽማግሌውን አስጫናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የገባው፣ እሳቸው የተረፉትን ፈላልገው ደጃፋቸው ላይ በማሰሮ ካኖሯቸው ጣዝማዎች የተቀዳ ማር ብቻ ነው። ኋላ ጓሯችን ለፎቅ ሲፈርስ አባቴ የኛዋን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ በአውቶቡስ ራሱ አደረሰላቸው።

አባቴም ሽማግሌውም አሁን የሉም። ጠርሙሱን የላከችልኝ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት፤ ከኛዋ ዘር የተቀዳ ነው ትላለች። አባቴ ተሸንፎ እንደዚያን ቀን ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ናፈቀኝ።

ልጄ ሁለተኛ ማንኪያ ጠየቀኝ። ሳሉ ከቆመ ቆይቷል። ዓይን ዓይኔን እያየ «ሳሉ የሚመለስ መስሎኝ ነው» አለኝ። ቁርጥ አያቱን! ሞልቼ ሰጠሁት።