የወልደአማኑኤል አውራ ጣት

አሰላ ውስጥ ሥጋ የሚቆርጥ ሞልቷል፤ ሥጋ የሚያውቅ ግን ወልደአማኑኤል ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ቢላውን ቢያሳርፍ ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ሻኛውን ከጎድኑ በእጁ ይለያል። ያረሰ በሬና ያላረሰ ወይፈን ሥጋቸው እንዴት እንደሚለያይ የጠየቀው ሰው፣ እግሩ እስኪዝል ቆሞ መስማት ነበረበት። አያቱ ከሸዋ መጥተው አርሲ ምድር ላይ የሰፈሩ፣ አባቱም አራሽ ነበሩ። እሱ ግን በጎረምሳነቱ ቢላ ጨብጦ ሠላሳ ዓመት አልለቀቀም። አፉም ከቢላው አይተናነስም። ደንበኛ «ይቺስ ጅማት በዛባት» ካለው፣ «ታዲያ በሬው በምን ይሂድልህ፣ በጎማ?» ይለዋል። ያም ሆኖ የሚቀየመው አልነበረም፤ ሚዛኑ አይዋሽማ።

ከመንገዱ ማዶ የሁሴኖ ሥጋ ቤት አለ። በወልደአማኑኤል በር ላይ መስቀል፣ በሁሴኖ በር ላይ ጨረቃ ተስሏል። የክርስቲያኑን እርድ እስላሙ፣ የእስላሙንም ክርስቲያኑ ስለማይበላ፣ ሁለቱ ደንበኛ የሚሻሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞረድ ሲዋዋሱ፣ ለቅሶ ሲደራረሱ፣ በየጠዋቱም ሲሰዳደቡ ኖሩ። ሁሴኖ ጠይባ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ጤና ረዳት ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ታክማለች።

ጉዱ የመጣው በ1974 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ነው። ለክርስቲያን ሥጋ ቤት ቅበላ ማለት ለገበሬ የአጨዳ ሰሞን ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ በዚያች አንድ ቀን ይጠግባል። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ፣ ይሄኛው «ለኔ ከታናሹ!»፣ ያኛው «ቅልጥሟን እንዳትረሳ!» እያለ ሲጮህ፣ የወልደአማኑኤል ቢላ ከአጥንት ላይ አዳለጠና የግራ እጁን ከአውራ ጣቱ ጀርባ፣ ወደ አንጓው ጠጋ ብሎ ዘለቀው።

«ኧረ በወላዲቷ!» አለች ሚስቱ አልጣሽ፤ ደሙን ስታይ ሚዛኑን ለቀቀችው። «ተነስ ሐኪም ቤት!»

«ዛሬ? ሰው ደጄ ላይ ቆሞ? አብደሻል እንዴ!» አላት። «ከነገ ጀምሮ ሁለት ወር ሥራ ፈት ነኝ። ተኝቼ አድነዋለሁ።»

ከነጠላዋ ጫፍ አስቀድዶ ጠፍንጎ አሰረና እስከ ማታ ቆረጠ። ሥጋ ሥጋን ይይዛል፤ የእሱ የሕክምና ትምህርት እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ደግሞም የተሳሳተ አልመሰለም። በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ግጥም ብሎ ዘጋ፤ እሱም ላገኘው ሁሉ ጠባሳውን እያሳየ ሐኪሞችን ያማ ጀመር።

በሁለተኛው እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሲከፈትም ሲዘጋም የግራ እጅ ጨብጦ ወደ ላይ እየወረወሩ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው። ወልደአማኑኤልም እንደ ሰዉ ጨበጠ፣ ወረወረ፣ ጮኸ። መፈክሩ ሲያበቃ ሰዉ ሁሉ እጁን ፈታ። የእሱም አራት ጣቶች ተፈቱ። አውራ ጣቱ ግን መዳፉ ላይ እንደተኛ ቀረ። ነቃ ነቃ ቢያደርገው ወይ ፍንክች።

«ጓድ ወልደአማኑኤል፣ መፈክሩ አልቋል እኮ!» አለው ሊቀመንበሩ ከመድረክ።

«እኔን አልለቅ ብሎኝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከሸሚዙ ሥር ግን ላብ ጀርባውን አጥቦታል። ቢላውን የሚያሄደው ቀኝ እጁ ቢሆንም፣ ሥጋውን አፍኖ የሚይዝለት ግራው ነው። ያልያዙትን ሥጋ መቁረጥ ደግሞ ራስን መቁረጥ ነው። አውራ ጣቱ ተከፍቶ ካልጨበጠ ሥጋ ቤቱ አለቀለት፤ አራት ልጆቹም የሚበሉት ከዚያች ሥጋ ቤት ነው። ቤቱ ሄዶ ሽንኩርት ለማንሳት ሞከረ። ሽንኩርቷ ተንከባላ አልጋ ሥር ገባች። ፈራ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ለአልጣሽ እንኳ አልነገራትም።

ያወቀበት ሁሴኖ ነው። በማግስቱ ወልደአማኑኤል ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያልፍ ጠራው።

«ያ ወልዴ! ምን ሰርቀህ ነው የምትደብቀው?»

አሳየው። ሁሴኖ ሳቁን አቁሞ ወደ ጓሮ ጮኸ፣ «ጠይባ! ነይ ወዲህ!»

ጠይባ ሥራ የምትገባው ከሰዓት ነበር። ወደ ውስጥ አስገብታ እጁን ሥጋ መቁረጫው ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ አውራ ጣትዎን ብቻ ከሳንቃው ያንሱልኝ» አለችው። አልተነሳም። ጠባሳውን ዳሰሰች፣ ጣቱን ቆንጠጥ አደረገች። «ይሰማዎታል?»

«ያማል እንጂ! አንቺም እንዳባትሽ ጨካኝ ነሽ» አላት።

«ጥሩ ነው» አለችና ከአባቷ ማንጠልጠያ አንድ ቆዳው ያልተገፈፈ የላም እግር አውርዳ ከፊቱ አጋደመች። ወልደአማኑኤል ወደ መንገዱ ዞር ዞር አለ።

«ልጄ፣ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስላም ሥጋ ቤት ተቀምጬ ብታይ ምን ይሉኛል?»

«መብላት እንጂ ማየት አያስገድፍ» አለ ሁሴኖ። «አርፈህ ተማር!»

ጠይባ ከቆዳው ጀመረች። «ሰውነታችን በሕዋስ የተሠራ ነው፤ አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ሲሰባሰቡ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ።»

«ማኅበር በይው! ቀበሌው ውስጤም ገብቷል በይኛ» አለ ወልደአማኑኤል።

«ማኅበር ይሁንልዎት። ይሄ ቆዳው ሸፋኙ ነው፤ ሥራው መሸፈንና መጠበቅ ነው። ሕዋሳቱ ጥቅጥቅ ብለው የተሰለፉ ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚባዙ ቁስልዎን በአሥር ቀን ዘጉልዎት። ቆዳዎ ከድቶዎት አያውቅም።» ቢላዋን ወደ ውስጥ አስገባች። «ይሄ ቀዩ ጡንቻ ነው። የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማጠር። ሲያጥር ይጎትታል። ስቡ፣ አጥንቱ፣ ይሄ ነጩ ጅማት ደግሞ አያያዦቹ ናቸው፤ አንዱን ካንዱ ያስራሉ። ጅማት ውስጥ ደም እምብዛም ስለሌለ እንደ ቆዳ ቶሎ አይድንም። ደግሞ ሲቆረጥ ጡንቻው ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል፤ ሁለቱ ጫፍ ተራርቆ ይቀራል።»

ከጡንቻው መሐል ቀጭን ነጭ ክር አወጣች። «ይቺ ነርቭ ናት። ትእዛዝ ከአንጎል ታወርዳለች፤ ሕመምና ሙቀት ታደርሳለች።»

«ይቺን ስንቴ ለውሻ ጥያታለሁ!» አለ ወልደአማኑኤል።

«የእርስዎ ደህና ናት፤ ስቆነጥጥዎት ሰምተዋል። ጡንቻዎም ደህና ነው። የተቆረጠው ገመዱ፣ ጅማቱ ነው።»

ወልደአማኑኤል ወደ ላሚቱ እግር ጎንበስ አለ። በቀኝ እጁ የላሚቱን ጅማት ያዘና ሳብ አደረገው፤ ሽሆናዋ ብድግ አለች። ለቀቀው፤ ወደቀች። እንደገና ሳበው። ይህን ነገር ልጆቹን ለማሳቅ ሺህ ጊዜ አድርጎታል። የትኛው ይለሰልሳል፣ የትኛው ለወጥ ይሆናል ቢሉት አንድ አይስትም። በሕይወት ሳለ ምን ይሠራ እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ስለ አውራ ጣቱ «ተመስገን» ብሎ አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጢስ ገባብኝ» አለ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ እሳት አልነበረም።

ጠይባ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ እጁን አገላብጦ አይቶ የተናገረውን ጠይባ አስረዳችው። የተቆረጠው ጅማት ሸሽቷል፣ ጎትቶ መስፋት አይሆንም። ሌባ ጣት ግን ወደ ላይ የሚያነሱት ሁለት ጅማቶች አሉት፤ አንዱን ወስደው ለአውራ ጣቱ ይሰፉለታል። ሌባ ጣትም በቀረው ይኖራል።

«አይ የአምላክ ሥራ!» አለ ወልደአማኑኤል። «ከሌባ ተበድሬ ልድን! ለመሆኑ ወዶ ይሰጣል?»

በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። አራት ሳምንት እጁ በጀሶ ታስሮ ቆየ፤ ጠይባ ከሥራ ስትመለስ በየሁለት ቀኑ ጎራ እያለች ታየዋለች። ጀሶው የተፈታው በሆሳዕና ዋዜማ ነው። አልጣሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ያንሱት» አለች ጠይባ። አልተነሳም።

«አይደንግጡ» አለችው። «ገመዱ አሁን የታሰረው የሌባ ጣት በነበረው ጡንቻ ላይ ነው። ነርቩ ግን ይህን አልሰማም፤ አሁንም የሚያውቀው የሌባ ጣትን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አውራ ጣትዎን አይዘዙት። በሌባ ጣትዎ እንደሚጠቁሙ ያስቡ፤ ያኔ አውራ ጣትዎ ይነሳል።»

አሰበ። አፍጥጦ አሰበ። በሰሙነ ሕማማት እየሰገደ አሰበ። ጣቱ ላይ ባፈጠጠ ቁጥር እጁ እንደ እንጨት ይደርቅበታል። ዓርብ ከስግደት ሲመለስ ወገቡ ተቆርጦ፣ ተስፋውም አብሮ ተቆርጦ ነበር። «አልጣሽ፣ ቢላዎቹን ለሚሠራባቸው ስጪ» አላት። እሷም ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በቀኝ እጁ ከቤተ ክርስቲያን የተቀበለውን ቄጤማ ይዞ በተዘጋው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከኢተያ የመጣ አንድ ጥምጣም ያሰረ ገበሬ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «የሁሴኖ ሥጋ ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ያውልህ! ጨረቃ ያለበት በር!» አለና ባዶውን ግራ እጁን ዘርግቶ ጠቆመው።

ሌባ ጣቱ ተቀሰረ። ከአጠገቡ አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ወልደአማኑኤል እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ገበሬው አመስግኖ መንገዱን ሊሻገር ሲል፣ «ቆይ ወንድሜ! አንዴ ልድገምልህ!» አለው።

«ገብቶኛል ጌታው፣ አየሁት እኮ።»

«የለም፣ አልገባህም! ያውልህ!» ጠቆመ። «ያውልህ!» ደግሞ ጠቆመ። ሰውዬው ይህ ሰው ጤነኛም አይደል ብሎ ወደ ኋላው እያየ ፈጠን አለ። ወልደአማኑኤልም ተከትሎት፣ በየእርምጃው እየጠቆመ፣ መንገዱን ተሻገረ። «ጠይባ! ልጄ! ገለቶሚ! እግዜር ያክብርሽ! አላህም ያክብርሽ! ሁለቱም ያክብሩሽ!»

ለፋሲካ አንድ ወይፈን አገኘና ራሱ ቆረጠ። ቀስ እያለ ነው የቆረጠው፤ ሰልፈኛው አጉረመረመ፣ እሱም እንደ ልማዱ መለሰለት። ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ሰውን የሚያመሰግነው በምርጥ ሥጋ ነው፤ ከሥጋ ሌላ መስጠት አያውቅበትም። የእሱን ሥጋ ደግሞ ጠይባ አትበላም።

ሰኞ ማለዳ ከዴራ የመጣ ሙክት ገዝቶ፣ ገመዱን በግራ እጁ ይዞ፣ የሁሴኖን በር አንኳኳ። አባትና ልጅ ወጡ።

«ቢላዬ አልነካውም» አለ። «በራሳችሁ እጅ፣ በራሳችሁ ወግ እረዱት። ጠይባ፣ ይሄ ያንቺ ነው።»

ጠይባ ጎንበስ ብላ የሙክቱን ጀርባ ዳሰሰች። ሁሴኖ መርቆ ገመዱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ወልደአማኑኤል ግን አልለቀቀም። ሁሴኖ ሳብ አደረገው፤ አሁንም አልለቀቀም።

«ያ ወልዴ! ሰጥተህ ትነሳለህ እንዴ? ልቀቀው እንጂ!»

ወልደአማኑኤል ገመዱ ላይ የተጠመጠመውን አውራ ጣቱን እያየ ነበር።

«ቆይ ሁሴኖ» አለ። «ትንሽ ልያዘው።»