ቁጥሩ የተፋቀ ቦርድ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ነጅማን የማያውቅ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ካለ፣ ወይ ሥራውን ትናንት ጀምሯል ወይ ይዋሻል። ሱቋ ከእኔ ሱቅ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል። እኔ ገመድና የሞተር ማብሪያ ኮንታክተር እሸጣለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ስታስነጥስ «ይማርሽ» እያልኩ ኖሬያለሁ።

ነጅማ የምትሸጠው ከተዘጉ ፋብሪካዎች የተነቀለ የመቆጣጠሪያ ዕቃ ነው። ከሁሉም የሚፈለገው የአውትፑት ቦርድ የሚሉት ነው። የፋብሪካው ኮንትሮለር «ክፈት» ወይም «ዝጋ» ሲል ትእዛዙ በዚህ ቦርድ ላይ በተደረደሩት፣ ሪሌ በሚባሉት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አልፎ፣ በብሎን በታሰሩት ሽቦዎች ወደ ሞተሩና ወደ ቫልቩ ይሄዳል። አዲሱን ከውጭ ማስመጣት ወራት ስለሚፈጅ ቦርድ የተቃጠለበት ሁሉ ወደ ነጅማ ይሮጣል። የተቃጠለውን ጠረጴዛዋ ላይ ያኖረዋል፤ እሷም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አገላብጣ አይታ ምትኩን ትመርጥለታለች። ባሏ ረሻድ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያስተማረችው በዚህ ነው።

አንድ ነውር ነበረባት፤ እውነቱን ለመናገር የሁላችንም ነውር ነው። ዕቃ እንደገባ የታተመበትን፣ ዓይነቱን የሚለየውን ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን እናጠፋለን። ደንበኛ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ሌላ ሱቅ እንዳይሄድብን ነው። እኔም ኮንታክተሮቼን እፍቃለሁ። ነጅማ ግን ትብስ ነበር። «ቁጥሩ እዚህ ነው» ብላ ጭንቅላቷን በጣቷ ትነካለች። እኔም «እሱ የተቃጠለ ቀን ምትኩን ከየት ልናመጣ ነው?» እያልኩ አበሽቃት ነበር። አፌን በቆረጠው!

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ባጫ እያለከለከ መጣ። በቃሊቲ መስመር ያለ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከነጅማ መግዛት ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል። የቦይለሩ ቦርድ ጠቁሮ እጁ ላይ ነበር።

«እትዬ ነጅማ፣ እባክዎ ይድረሱልኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ቦይለሩ ካልተነሳ ሥራ አስኪያጁ በቁሜ ይበላኛል።»

ነጅማ ከመደርደሪያው ሁለት ቦርድ አወረደች። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ባለ ስምንት ሪሌ፣ ሁለቱም የተፋቁ። በአንድ ካርቶን አንድ ላይ የገቡ ስለሆኑ «ያው ናቸው» አለች። አንዱን ከኤሌክትሪክ ጋር ስታገናኘው ሪሌዎቹ «ቀጭ» አሉ። ስትነቅለው ግን ከፊት ለፊታችን ያለው ብረት ቤት መፍጫውን አስነሳና ጆሯችንን ደፈነው። ባጫ ቦርዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ በረረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የሚለቀም ነገር ያፈሰስን አልመሰለንም።

አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ሻይ ይዤላት ገባሁ። የቀረውን ቦርድ ወደ መደርደሪያው ከመመለሷ በፊት ልትፈትነው አገናኘችው። «ቀጭ» አለ። ነቀለችው። እንደገና «ቀጭ» አለ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ጴጥሮስ፣ የባጫን ስነቅል ጣቴ ሪሌው ላይ ነበር።»

«እና?»

«ምንም አልተላወሰም።» ፊቷ አመድ መሰለ። «አለቀቀም ማለት ነው። ይሄኛው ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል። የባጫ ግን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቀረው ዓይነት ነው። ለመጋዘን በር ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ለቦይለር ናፍጣ!»

እኔም ያኔ ገባኝ። ባጫ ሲያወራ እንደሰማሁት የዚያ ፋብሪካ ናፍጣ ከላይ ካለ ታንከር በራሱ ይወርዳል፤ ቫልቩ ደግሞ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋው ሪሌው ከለቀቀ ብቻ ነው። ካልለቀቀ እሳቱ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ ናፍጣው ግን የጋለ ምድጃ ውስጥ ይጠራቀማል። ጀነሬተር ተነስቶ ማቀጣጠያው አንዴ የጫረ እንደሆነ ቦይለሩ ከነቤቱ ይፈነዳል። ባጫ ደግሞ አጠገቡ ነው የሚቆመው።

የባጫ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። እዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲገባ ስልኩን ዘበኛ ጋ ያስቀምጣል። የቢሮውን ቁጥር አንዳችንም አናውቅም። ሱቆቻችንን እንኳ ሳንቆልፍ በእኔ አሮጌ ቪትዝ መኪና ወጣን።

ሜክሲኮ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆልፎ ጠበቀን። ክላክሴን ብደበድብ ማን ሊሰማኝ! የነጅማ ዓይን መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች አምፖል ላይ ነበር። «አለ» ትላለች፤ መብራቱን ማለቷ ነው። ትንሽ እንሄድና «አለ»። ጎተራን ስናልፍ «አለ፣ ያ ረቢ፣ አለ»። እኔ እድሜ ልኬን መብራት ኃይልን ስራገም የኖርኩ ሰው፣ በዚያ ቀን ብቻ አደራህን እያልኩ ተለማመጥኩት። ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሳሪስን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አምፖል መቁጠሯን አቆመች። አንድ ጸጉር ቤት በር ላይ ግማሽ ጸጉሩን የተላጨ ሰው ቆሞ ወደ ሽቦው ያንጋጥጣል።

«ጠፍቷል» አለች።

ፋብሪካው በር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ግቢው ጭር ብሏል፤ መብራት እንደሌለ ዝምታው ይናገራል። ዘበኛው በእርጋታ «መታወቂያ» አለን።

«ጀነሬተሩን እንዳያስነሱት ንገራቸው!» ብላ ጮኸች።

«ማነሽ አንቺ? በማን ትእዛዝ?»

በሩ ላይ ሳሙና ሊጭኑ የቆሙ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሁለቱ የእሷ ደንበኞች ናቸው። ነጅማ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ ድምጿ እየተሰበረ «የቦይለሩን ቦርድ የሸጥኩት እኔ ነኝ!» አለች። «ቁጥሩን ፍቄ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ነው የሸጥኩለት! ሰው ልገድል ነው፣ ሩጥ!»

ከቦይለር ቤቱ ጀርባ ጀነሬተሩ አንዴ ተንደቀደቀ። የበሩን ብረት ጨብጬ ቆምኩ። ዘበኛው ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ጀነሬተሩ አሁንም ተንደቀደቀ፣ አስነጠሰ፣ ሊይዝ ሲል ፀጥ አለ። ነጅማ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

ባጫ ብዙ ቆይቶ መጣ። ሱሪው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የናፍጣውን ቧንቧ በእጁ ዘግቶት ነው የመጣው። ቦርዱን እንደዚያው በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት።

«በምድጃው መስኮት ሳይ ናፍጣው ተኝቷል» አለ። «እሳቱ ጠፍቶም ከምድጃው የሚወጣውን ጭስ ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ግን እርስዎ የመረጡልኝ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እንዲህ ስላላት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነጅማ አትፍቅም። ያላትን ቦርድ ሁሉ አንድ በአንድ እየፈተነች «ይለቃል»፣ «አይለቅም» ብላ በማርከር ጽፋበታለች፤ ያላወቀችውን በመዶሻ ሰብራ ጥላለች። እኔም ብርጭቆ ወረቀቴን ጥያለሁ፤ ማንም ሳያየኝ ነው የጣልኩት፣ ወንድ አይደለሁ?

ነገሩ ግን አላለቀም። ያ ካርቶን ሲገባ ስድስት ቦርድ ነበረበት። የባጫ አንድ፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ፣ ሁለት ሆኑ። ሦስቱን ደንበኞቿን ስታስታውስ፣ ስልክ ስትደውል፣ ሰው ስትልክ አገኘቻቸው። ስድስተኛው ይለቅ አይለቅ አይታወቅም፤ የገዛው ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነው። ስሙን አልጠየቀችውም። ስልኩን አልያዘችም። ለምን እንደሚፈልገውም አልነገራትም፤ እሷም መፋቋን እያወቀች አልጠየቀችም። የምታስታውሰው ቡኒ ጃኬቱንና እንደ ባጫ መቸኮሉን ነው።

አሁን ጌጃ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ ሁሉ ይቆማል። እንደ ድሮው አላበሽቃትም፤ እኔም ሥራዬን ትቼ እቀመጣለሁ። መብራቱ ሲመለስ በግድግዳው በኩል ትጠራኛለች።

«ጴጥሮስ፣ የሰማኸው ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ ነጅማ» እላታለሁ።

ከየት ልሰማ እችላለሁ? ሰውየው የት እንዳለ እኔም አላውቅም።