አልሄድም ያለው ገዥ

አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች ሰሞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአፍሪካ አገሮች እንዴት ነፃ እንደወጡ ስተርክ ተማሪዎቼ ያዛጉብኛል። ቢቸግረኝ፣ "የሱዳንን ነፃነት በቲያትር እናሳየው" አልኳቸው።

እንግሊዝ የሚሆን ጠፋ። በመጨረሻ አባቱ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ አንድ ረጅም ጎረምሳ፣ "እውነተኛ ሻይ ካለ እኔ ገዥ እሆናለሁ" አለ። ሻይ አፍልቼ በፔርሙስ ያዝኩለት፤ ከአንድ አዲስ መሥሪያ ቤትም የሚሽከረከር ወንበር ለምኜ አመጣሁ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ ተለወጠ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በወላጆች ቀን ሜዳው ሞላ። ነፃ አውጪዎቹ ገብተው "አገራችንን ልቀቅ!" ብለው ጮኹ። በድርሰቱ መሠረት ገዥው ኮፍያውን አንሥቶ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ሻዩን ፉት አለና በወንበሩ አንድ ዙር ተሽከረከረ።

"ፍንክች አልልም!"

"ውጣ እንጂ!" አልኩት ከመጋረጃው ጀርባ።

"መምህር፣ ገና አንድ ብርጭቆ እኮ ነው የጠጣሁት!"

ነፃ አውጪዎቹ የተጻፈላቸው ንግግር አለቀባቸው። መሪያቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በእናትህ ተነሥ፣ ሰው እየሳቀብን ነው" እያለ ይለምነው ጀመር።

ይሄኔ የመሪው አያት ከሕዝቡ መሐል በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የመጡ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በዚያው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር ዕቃ ተሸክመዋል።

"እንግሊዝ እኔ አውቃለሁ!" አሉ። "በልመና አይሄድም። ሻይ ውሰድ፣ እሱ ይሄዳል!"

የልጅ ልጃቸው ፔርሙሱን ነጥቆ ሮጠ። ገዥው ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተለው፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። የቀሩት በዚህ መሐል ባንዲራቸውን ሰቀሉ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ሱዳን ነፃ ወጣች።

ሕዝቡ ሲበተን ከአዛውንቱ ጎን ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ጦርነቱ እንዴት ነበር?"

"ሳጥን ተሸከምኩ፤ ከኩርሙክ እስከ አሶሳ። ከባድ ነው። ጣሊያን ሸሸ አሉ፣ ሳጥን አወረድኩ፣ ቤት ገባሁ።"

"የዓለም ጦርነት መሆኑን ያውቁ ነበር?"

ወደ ልጅ ልጃቸው ጠቆሙ። "እሱ ባለፈው ሳምንት ነገረኝ። አንተ ያስጻፍከውን ከደብተር አነበበ።" ከዚያ ትከሻቸውን ይዘው ሳቁ። "ዓለም መሆኑን ባውቅ፣ ሌላ ሰው ያግዘኝ እል ነበር!"

ሰኞ አዛውንቱን ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ከተማሪዎቹ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ።